እሳት ልጭር መጥቼ ነው

በኦክቶበር 2024 አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ግሮሰሪ ፓርኪንግ ላይ ቆሜ ነበር። ኡበር ነው የምሠራው፤ ጥሪ እየጠበቅኩ ነው። ሁለት መኪና አለፍ ብሎ አንድ የማውቀው ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። የሥራ ዩኒፎርሙን ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ባጁ አለ። ሞተሩ ጠፍቷል። ስልክ አይነካካም፣ ሙዚቃ አይሰማም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ ያያል።

መስታወቱን አንኳኳሁ። ደነገጠ።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ዛሬ ኦፍ ነኝ።»

ኦፍ የሆነ ሰው ዩኒፎርም ለብሶ አይወጣም። ጎኑ ያለው ወንበር ላይ ምሳ ዕቃው ተቀምጧል፤ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ ሁለቴ ተቋጥሮ፣ ልክ ወጥ እንዳይፈስ እናቶቻችን እንደሚቋጥሩት። ነገሩ ገባኝ። ግን ምንም አላልኩም። «በል ሰላም ዋል» ብዬው ጥሪ መጣልኝና ሄድኩ።

ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ፖሊስ ቤቱ ገባ።

የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን አውጥቻለሁ። ባሏ አንድ ሆቴል ውስጥ ጥገና ላይ 11 ዓመት ሠርቷል። ኦክቶበር መግቢያ ላይ ሠራተኛ ሲቀነስ እሱም ተቀነሰ። ለእሷ አልነገራትም። ሰባት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ይነሳል፣ ይላጫል፣ ዩኒፎርሙን ይለብሳል፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ማታ ይመለሳል። «ሥራ እንዴት ነበር?» ስትለው «ያው ነው» ይላታል።

በዚህ መሃል ከአገር ቤት ስልክ አለ። የእናት መድኃኒት አለ፣ የወንድም ሰርግ አለ። ለሰርጉ 500 ዶላር ከክሬዲት ካርድ አውጥቶ ላከ። ሥራ የለኝም ከማለት ዕዳ ውስጥ መግባት ቀለለው። ይሄን የማያውቅ ውጭ የሚኖር ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ስልኩ ሲጠራ የሚደውለው ሰው አንተ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ግድግዳ እያየህ እንደሆነ አያውቅም። አንተም አትነግረውም።

ጠባዩም ተለውጦ ነበር። ስልኳን መፈተሽ ጀመረ። ማታ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ አሥር ደቂቃ ከዘገየች «የት ነበርሽ?» ይላታል። አንድ ቀን ሰሃን ወርውሮ ሰበረ። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ብላ አለፈችው። ከዚያ የኪራይ ማስጠንቀቂያ ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ አገኘች። «ይሄ ምንድን ነው? ደመወዝህ የት ገባ?» አለችው። በጥፊ መታት። ከዚያ ጉሮሮዋን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። የስምንት ዓመት ልጃቸው ሶፋው ላይ የነበረውን ስልኳን አንስቶ 911 ደወለ። ቁጥሩን ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩት።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚሁ ነበር። ሥራ ማጣቱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ስለ ጉሮሮዋም ማንም አላነሳም። ወሬው ሁሉ «እንዴት ባሏ ላይ ፖሊስ ትጠራለች?» ነው። «ቤቷን በገዛ እጇ አፈረሰች።» «አሜሪካ ስትመጣ ጠባይዋ ተበላሸ።» የጠራው ልጁ ነው ብል እንኳ ማን ይሰማኛል? አንዲት ትልቅ ሴት፣ እኔ እንደ እናቴ የማከብራቸው፣ «ልጁንም እሷ ናት ያስተማረችው» አሉ። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አለ እኮ። ሻርፕ አድርጋ ነው ሥራ የምትሄደው።

እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ የሰማሁት ዜና ትዝ አለኝ። ጃንዋሪ 2009 ነው፤ ያ ባንኮች የወደቁበት፣ ሰው ቤቱን የተነጠቀበት ጊዜ። ሎስ አንጀለስ ዊልሚንግተን ውስጥ አንድ አባት ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ገድሎ ራሱን አጠፋ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ሥራቸውን አጥተው ነበር። ከልጆቹ ትንንሾቹ የሁለት ዓመት መንታዎች ናቸው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2008፣ እዚያው ሎስ አንጀለስ ፖርተር ራንች የሚባል ሰፈር ሌላ አባት ሚስቱን፣ ሦስት ወንዶች ልጆቹንና አማቱን ገድሎ ራሱን አጥፍቷል። ይሄኛው የተማረ፣ በፋይናንስ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ሥራ አጥቶ፣ ገንዘቡም አልቆ ነበር።

ያኔ ጋራዥ ውስጥ መኪና አቆም ነበር። ዜናውን አብረን ያየን አንድ የሰፈር ልጅ «ፈረንጅ ልቡ ቀዝቃዛ ነው፤ እኛ ጋ እንዲህ የለም» አለኝ። እኔም አመንኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አንድ ሰው ያለ እኔ ደመወዝ ሚስቴም ልጆቼም መኖር የለባቸውም ብሎ ከወሰነ፣ ቤተሰቡን እንደ ዕቃው ቆጥሯል ማለት ነው። ይሄ የፈረንጅ ብቻ ነው? እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ውስጥ ስንት ሚስቶች በባሎቻቸው እጅ ሞቱ? ከቁጥራቸው ጋር የማይመጣጠን ነበር። እዚያም ያው ነው፤ አገር ቤት የቤቱ ራስ የነበረ ሰው ሥራ የለውም፣ ቋንቋ የለውም፣ ሚስቱ ደመወዝ ታመጣለች፣ ልጆቹ ያስተረጉሙለታል።

አሜሪካ ውስጥ በ11 ከተሞች ላይ የተሠራ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። በባሎቻቸው ወይም በወንድ ጓደኞቻቸው የተገደሉ ሴቶችን፣ ተደብድበው በሕይወት ካሉት ጋር ያነጻጽራል። የሚደበድበው ሰው ሥራ ከሌለው ሴትዮዋ የመገደል አደጋዋ በ4 እጥፍ ይጨምራል ይላል። ልብ በሉ፤ ሥራ ያጣ ሁሉ ገዳይ ነው አላለም። እየተማታ ያለ ሰው ሥራ ሲያጣ ይብሳል ነው የሚለው። ቤት ውስጥ ጠመንጃ ካለ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ለዚህ ነው በኋላ «ምስኪን፣ ሥራ አጥቶ እኮ ነው» ሲሉ የምቆጣው። ሥራ ማጣቱ ያሳዝነኛል፣ በጣም። ግን ስንት ሴት ሥራ አጥታ፣ ልጅ ይዛ፣ ኪራይ ቸግሯት የባሏን ጉሮሮ ሳትይዝ ኖራለች? እሷስ ያን ማታ የኪራይ ወረቀት በእጇ ይዛ አልነበረም እንዴ?

የአገር ቤቱን ልንገራችሁ። 1983 ዓ.ም. ላይ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ጉለሌ። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በአንድ ጊዜ ሥራ አጥ ሆነ። ከእኛ አጥር ቀጥሎ አንድ ሻምበል ነበሩ። ሰኞ ሻምበል ነበሩ፣ ማክሰኞ ምንም። ጫማቸውን ግን በየጠዋቱ ይወለውላሉ። የሚሄዱበት የላቸውም፤ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ማታ ይጠጣሉ። ከዚያ የሚስታቸው ጩኸት ይሰማል። ቆርቆሮ ነው የለየን፤ ሁሉም ይሰማል።

እናቴ ጩኸቱ ሲጀምር ከአልጋዋ ትነሳለች። ነጠላዋን ትደርባለች፣ ከማድ ቤት ገል ታነሳለች፣ ትወጣለች። እኩለ ሌሊት ነው። የሻምበልን በር ታንኳኳለች። «ሻምበል፣ እሳት ልጭር መጥቼ ነው» ትላለች። እሳት አለን እኮ! እኛ ምድጃ ውስጥ ፍሙ ገና አልጠፋም። ግን እሳት ሊጭር የመጣን ጎረቤት መመለስ ነውር ነው። ሻምበል በሩን ይከፍታሉ። እናቴ ትገባለች። ፍሙን ቀስ ብላ ነው የምትለቅመው፣ አንድ በአንድ። ስለ ልጆቹ ታወራለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ሰውዬው እስኪበርድላቸው ድረስ አትወጣም። አንዳንድ ቀን ሚስትየዋን «ነይ እስቲ እኔ ጋ እደሪ፣ ልጄ አሞታል» ብላ ይዛት ትመጣለች። የታመመው ልጅ እኔ ነኝ። ደህና ሆኜ ስንት ሌሊት ተኝቼ አቃስቻለሁ።

በማግስቱ ግን ያችው እናቴ ቡና አፍልታ ሴትየዋን «ቻይው፣ ጊዜው ነው፣ ያልፋል» ትላታለች። ሽማግሌ ይመጣል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ትመለሳለች። በሁለተኛው ሳምንት ገሉ እንደገና ይነሳል። ፖሊስ ጋ ብትሄድ «የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ ሂዱና ታረቁ» ነበር የሚሏት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን በአንቀጽ 564 ለይቶ አስቀምጧል። ለሻምበሉ ሚስት ዘግይቶባታል። ሕጉ ቢወጣም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶው ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ብለዋል። ሴቶቹ ናቸው ያሉት። ያቺ የቤተ ክርስቲያኗ እናት ያን አስተሳሰብ ይዘው ነው አውሮፕላን የተሳፈሩት።

እዚህ ሕጉ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ሲመጣ ቀዳሚውን አጥቂ ያስራል እንጂ ታረቁ ብሎ አይሄድም። በዚያው ሌሊት ለሦስት ቀን የሚቆይ ፕሮቴክቲቭ ኦርደር፣ ማለትም እንዳይቀርባት የሚከለክል ትእዛዝ ይወጣል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት ሊያራዝመው ይችላል። አንገቷን የያዘው ሰው ያን ማታ እቤት አላደረም። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ከልቤ። የጎደለው ሰባቱ ሳምንት ነው። በዚያ ሰባት ሳምንት ገል ይዞ በሩን ያንኳኳ የለም። እኔ እንኳ የመኪናውን መስታወት አንኳኩቼ «ሰላም ዋል» ብዬ ሄድኩ።

ምን ማለት ነበረብኝ? ብዙ ነገር። ሥራ ያጣ ሰው አን-ኢምፕሎይመንት፣ የሥራ አጥ ክፍያ ማለት ነው፣ መጠየቅ ይችላል። ያኔ ቨርጂኒያ በሳምንት ቢበዛ 378 ዶላር ነበር የምትከፍለው። ለኪራይ አይበቃም፣ ግን ባዶ ከመሆን ይሻላል። እሱ አልጠየቀም። በኋላ «እኔ የመንግሥት ተረጂ አይደለሁም» አለኝ። እርዳታ አይደለም እኮ! በሠራተኛው ስም ከአሠሪው የሚሰበሰብ ግብር ነው። 11 ዓመት ሠርቶበታል። ይሄን ፓርኪንግ ላይ ብነግረው አምስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ለእሷም የሚነገራት ነበረ። ሰሃኑ የተሰበረ ቀን የቤት ውስጥ ጥቃት መስመሩ ላይ፣ 1-800-799-7233 ብትደውል ሌት ተቀን የሚያነሳ አለ፤ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ብዙ ሴቶች የማይደውሉት ወረቀታቸው በባላቸው በኩል ስለሆነ ነው። ባልየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ የተጎዳች ሚስት ያለ እሱ ራሷ ለወረቀቷ ማመልከት ትችላለች። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። «ባልሽ ይባረራል» እያሉ የሚያስፈራሯት ግን በየቡናው አሉ። እርግጥ ነው፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው በቤት ውስጥ ጥቃት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ታዲያ ያ እሱ እጁን ከማንሳቱ በፊት የሚያስበው ነው። እሷ ላይ የሚጫነው በምን ዕዳዋ ነው?

ሰውዬው አሁን አንድ ጓደኛው ቤት ሶፋ ላይ ያድራል። ሄጄ አይቼዋለሁ። አለቀሰ። አሳዘነኝ፣ አልዋሽም። ፍርድ ቤት ያዘዘውን ትምህርት ጀምሯል። የሥራ ማመልከቻ አብረን ሞላን፣ ሁለት ቦታ።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ልንልክ ነው ብለው አራት ሰዎች ደወሉልኝ፤ አንተም ታውቃታለህ፣ ና ብለው። እሺ ከማለቴ በፊት ለእሷ ደወልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ሥራ ካገኘ ደስ ይለኛል። የልጄ አባት ነው። ሥራውን ፈልጉለት። ወደዚህ ቤት ግን አታምጡብኝ።»

የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ለእሁድ ነበር። ቅዳሜ ማታ ደውዬ እንደማልመጣ ነገርኳቸው። እነሱም ቢሄዱ በሩን እንደማትከፍት ነገርኳቸው።