ገምጋሚ ሲመጣ ብቻ ላቦራቶሪ አትክፈቱ

ወገኖቼ፣ ኢንጂነሪንግ የምታስተምሩም ዲፓርትመንት የምትመሩም የምትማሩም፣ ዛሬ ለሁላችሁም የምናገረው አለኝ። አክሪዲቴሽን፣ ማለትም ለትምህርት ፕሮግራም የሚሰጥ የጥራት እውቅና፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት መጥረግ አይደለም። ኮሚቴ ይመጣል ሲባል ፋይል ማሳመር፣ ሲሄድ ደግሞ ላቡን መቆለፍ ይብቃን።

ኤቤት (ABET) የሚባለው የኢንጂነሪንግ ትምህርትን የሚገመግም የአሜሪካ ድርጅት እውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙ እንጂ ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይደለም። የሚያየውም ተመራቂው ምን መሥራት እንደሚችል ነው፣ 7 ነጥቦች አሉት፣ ዲዛይን፣ ሙከራ ሠርቶ ዳታ መተንተን፣ በቡድን መሥራት፣ የሙያ ሥነ ምግባር እያለ ይቀጥላል። ከዛ ደግሞ ለክታችሁ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ምን ቀየራችሁ ይላችኋል። እኛ እዚች ጋ ነው የምንወድቀው!

ግሬድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም እኮ። አንድ ልጅ ኮርሱን ቢ አምጥቶ የዲዛይኗን ጥያቄ ግን ባዶ ትቷት ሊሆን ይችላል፣ ክፍሉ በሙሉ ትቷት ከሆነስ ማን አየ? ያቺን ጥያቄ ለብቻ አውጡና ስንቱ እንደሠራት ቁጠሩ፣ ቱቶሪያሉን ቀይሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለኩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው፣ ጥሩ፣ ግን ከምርጫ መልስ እየመረጡ ማለፍ ቢም (የሕንፃ አግዳሚ ተሸካሚ) ዲዛይን ማድረግ መቻልን አያሳይም፣ ስለዚህ ስንት ልጅ አሳለፍን ብላችሁ ብቻ አትኩራሩ።

ተማሪዎችም ስሙኝ። የኮንክሪት ኪዩብ ጥንካሬው ሊለካ በ28 ቀኑ ሲሰበር አንዱ ማሽኑ ጋ ቆሞ ሌላው ቁጥሩን በቴሌግራም ተቀብሎ ሪፖርት የሚያስገባ ከሆነ፣ ነገ ሰው የሚኖርበትን ፎቅ ማን ነው የሚቆጣጠረው? ኢንተርንሺፕ ሳትወጡ በዘመድ ማህተም የምታስመቱ እናንተም እዛው ናችሁ።

ውጭ ያላችሁም አትራቁ። አሜሪካ የኢንጂነር ላይሰንስ ስትፈልጉ እዚህ የተማራችሁት ኮርስ በኮርስ እንደሚመረመር ታውቁታላችሁ፣ ምን እንደጎደላችሁ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የቀድሞ ተማሪዎች መጠይቅ ሲላክላችሁ ግን ሳትከፍቱት ታልፋላችሁ።

የዲፓርትመንት ሄዶች፣ በጀት እንደሌለ፣ አስተማሪው ላይ ሎድ እንደበዛ አውቃለሁ። እሱኑ ጻፉት። ማሽኑ ከተበላሸ ተበላሽቷል በሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ፣ መለዋወጫ መቼ እንደጠየቃችሁ፣ ማን ዝም እንዳላችሁ፣ ስንት ባች ሳይነካው እንደተመረቀ ሁሉንም ለገምጋሚው በምታቀርቡት የራስ ግምገማ ሪፖርት ላይ አስፍሩትና ፈርሙበት።