እድር ለሞተ ሰው ብቻ ነው እንዴ?

እኛ ኮዬ ፈጨ የምንኖር ሰዎች ብዙ ነገር ይጎድለናል። ውሃው በፈረቃ ነው፣ ማታ ታክሲ ማግኘት ዕድል ነው። እድር ግን አለን። የኮንዶሚኒየሙ ቀለም ሳይደርቅ ነው እድሩ የተቋቋመው። ከመሃል ከተማ ተነስቶ የመጣው፣ ዕጣ የወጣለት፣ ተከራዩ፣ ሁሉም ገና በደንብ ሳይተዋወቅ "ብንሞት ማን ይቀብረናል?" ብሎ ተሰበሰበ። ድንኳን ተገዛ። አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሃን ተገዛ። ቀብር የቀረ ይቀጣል። እስከ ሰልስት ማን እንደሚያድር፣ ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል ይታወቃል።

በዚህ የሚስቅ ካለ ደግ ቀን ብቻ ያየ ሰው ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እድራችን ሥራ የሚጀምረው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው።

በእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጎረቤት ለወራት ታሞ ተኛ። ሊፍት የለም። ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ ነግረዋል፤ ለእሱ ግን ማንም አልነገረውም። ጠያቂው ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ "አይዞህ፣ ትነሳለህ" ይላል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይወጣል። እሱ ያውቃል። እንደሚያውቅ እኛም እናውቃለን። አንድ ሌሊት ተክቷት ሚስቱን "ሂጂ ትንሽ ጋደም በይ" ያላት ሰው ግን አልነበረም። የሞተ ቀን ደረጃው በሰው ተጨናንቆ ማለፊያ ጠፋ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በዚያ ሰሞን ደረጃው ላይ የሰማሁት ወሬ ነው። ሰውዬው ድሮ በአንድ የቤት ክርክር ሰው በድሏል ይባላል። አንድ ወጣት ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ ኖሮ "ካርማ ነው በቃ!" አለ፤ የሥራውን አገኘ ማለቱ ነው። ቲክቶክ ላይ ሲሮጥ የወደቀ ሌባ ባዩ ቁጥር የሚሉት ነገር ነው። እናቶቻችንም "ግፍ ነው የያዘው" ይሉ ነበር፤ ልጁ አዲስ አልፈጠረም። ግን ካርማ ብሎ ቡድሃን ምስክር አድርጎ ከጠራ፣ ምስክሩ ምን እንዳለ መስማት አለብን።

ፓሊ በሚባል የሕንድ ቋንቋ በተጻፉት ጥንታዊ የቡድሂስት መጻሕፍት ውስጥ ሲቫካ የሚባል መናኝ ቡድሃን እንዲህ ይጠይቀዋል። አንዳንድ መምህራን በሰው ላይ የሚደርስ ደስታም ሥቃይም ሁሉ ባለፈ ሥራው ምክንያት ነው ይላሉ፤ አንተስ ምን ትላለህ? ቡድሃ አይስማማም። ሥቃይ ከሐሞት ይመጣል፣ ከአክታ ይመጣል፣ ከነፋስ ይመጣል ይላል። የዘመኑ ሕክምና እንዲያ ነበር የሚያወራው። ከወቅት መለዋወጥ ይመጣል፣ ራስን ካለመጠበቅ ይመጣል፣ ሰው መትቶህም ይመጣል። ከቆጠራቸው 8 ምክንያቶች የቀድሞ ሥራ ፍሬ አንዱ ብቻ ነው። ሁሉንም በካርማ የሚያሳብቡ ሰዎች ተሳስተዋል ብሎ ይዘጋዋል። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ የካርማን ፍሬ አንድ በአንድ ቆጥሬ እደርስበታለሁ የሚል ሰው ትርፉ እብደትና ጭንቀት ነው ይላል።

እሱ ካርማ የሚለው በመጀመሪያ ሐሳብን ነው። አስበን፣ ፈልገን፣ በእጃችንም በአፋችንም የምናደርገውን። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ያን ዕለት ደረጃው ላይ ካርማ ሲሠራ የነበረው በሽተኛው አይደለም፤ ያ ልጅ ነው።

ነገሩን አላሳምርም። ያው ቡድሃ ፍጡርን የሚያሠቃይ ሰው በሚቀጥለው ልደቱ በሽተኛ ሆኖ ይወለዳል ያለበት ስብከትም አለ። በቡድሂስት አገሮችም ድሃውንና አካል ጉዳተኛውን "ያለፈ ሕይወቱ ዕዳ ነው" ብለው የሚያልፉ ሰዎች አሉ። ጭካኔ የትም አገር ጥቅስ አያጣም። ለእኔ ግን ከስብከቱ ሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ የራሱ አሟሟት ነው።

80 ዓመት ሞልቶታል። ቹንዳ የሚባል አንጥረኛ ቤት ምሳ ተጋበዘ። ከምግቡ በኋላ ደም አስቀመጠው። ወደ ኩሲናራ እያዘገመ፣ መሞቱን እያወቀ፣ ለደቀ መዝሙሩ ለአናንዳ ስለዚያ አንጥረኛ አደራ ይሰጠዋል። ሰዎች "ያንተን ምግብ በልቶ ሞተ" ብለው እንዳያሸማቅቁት ፈርቷል። ለቡድሃ የመጨረሻውን ምግብ ያበላ ሰው ታላቅ በረከት አገኘ በለው፣ እንዲህ ሲል ከራሱ ከቡድሃ አፍ ሰማሁ በለው ይላል። እኛ አገር አንጥረኛ ቤት በልቶ የታመመ ሰው ምን እንደሚባልለት ሁላችንም እናውቃለን። "ቡዳ በላው" እየተባለ ስንቱ ባለሙያ ከመንደር ተገፍቷል። ይኼኛው እየሞተ የሚጨነቀው ጥፋቱ በአንጥረኛው ላይ እንዳይላከክ ነው።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ማንንም ቡድሂስት ላደርግ አልተነሳሁም፤ በዚህ ዕድሜዬ የንስሐ አባቴን ማስደንገጥም አልፈልግም። ግን ስለ ሞት ብዙ ያሰቡ ሰዎች ናቸውና ካሰቡት ውስጥ ለእድራችን የሚሆን ነገር አለ። እሱም በጸሎታቸው በኩል ነው የሚመጣው።

ቲቤቶች "ኦም ማኒ ፔሜ ሁም" የሚለውን ማንትራ 108 ዶቃ ባለው መቁጠሪያ ይደግማሉ። ድንጋይ ላይ ይቀርጹታል። ወረቀት ላይ ጽፈው በእጅ የሚሽከረከር ነገር ውስጥ ይጠቀልሉታል። ቻይናዎች "ናሞ አሚቶፎ" ይላሉ፣ ጃፓኖች "ናሙ አሚዳ ቡቱሱ"። እኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" የምንል ሰዎች ነን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከሶላት በኋላ 33፣ 33 እያሉ ዚክር ያደርጋሉ።

መደጋገሙ የሞተውን ሰው ያድነዋል ወይ? እዚህ ላይ ቡድሂስቶቹ ራሳቸው አይስማሙም። አንድ የመንደር ሹም ቡድሃን ይህንኑ ጠይቆት ነበር። ካህናቱ በድግምታቸው ሙታንን ወደ ሰማይ ያስገባሉ ይባላልና አንተስ ትችላለህ ወይ ይለዋል። ቡድሃ በጥያቄ ይመልስለታል። አንድ ሰው ትልቅ ድንጋይ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቢወረውር፣ ሕዝብ ተሰብስቦ "ድንጋይ ሆይ ውጣ" እያለ ቢጸልይ ይወጣል? ደግሞ ዘይት የያዘ ማሰሮ ውሃ ውስጥ ቢሰበር ገሉ ይሰምጣል፣ ዘይቱ ይንሳፈፋል። "ዘይት ሆይ ስመጥ" ብለው ቢጮኹ ይሰምጣል? ሰው የሚሄደው ዕድሜውን ሙሉ ወደ ሠራው ነው ማለቱ ነው።

በኋላ ሰፊ ተከታይ ያገኘው የንጹሕ ምድር ትምህርት ግን ሌላ ይላል። አሚታባ የሚባለው፣ ጃፓኖች አሚዳ የሚሉት ሌላ ቡድሃ ስሙን በእምነት የጠራውን ሁሉ፣ ኃጢአተኛውንም ጭምር፣ ወደ ንጹሕ ምድሩ ሊቀበል ቃል ገብቷል ይላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው ጃፓናዊው ሺንራን ደግሞ ስሙን መጥራት ራሱ የምስጋና ቃል እንጂ ደሞዝ የሚጠየቅበት ሥራ አይደለም ብሏል።

አሁን ወደ እድር ልመለስ። ለካ ጃፓኖችም እድር ነበራቸው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ986፣ ከኪዮቶ አጠገብ ባለው የሂዬይ ተራራ ላይ፣ ዮካዋ በሚባል ቦታ 25 መነኮሳት ማኅበር ገቡ። ጌንሺን የሚባለው ሊቅ ከማኅበሩ ዋና ሰዎች አንዱ ነበር። ወር በገባ በ15 ይሰበሰባሉ፤ ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር። ሌሊቱን የአሚዳን ስም ሲጠሩ ያድራሉ። እስከዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም። የሚገርመው ደንባቸው ነው። አንድ አባል ሲታመም ለዚሁ ወደተዘጋጀ ቤት ይወሰዳል። የቀሩት ተራ ገብተው ያስታምሙታል። ለሞት እየተዘጋጀ መሆኑ አይደበቅም። ምን እንደሚታየው ይጠይቁታል። የሚያስፈራ ነገር ታየኝ ካለ "አይዞህ፣ ቅዠት ነው" ብለው አይወጡም፤ አብረውት ይጸልያሉ። ከቡድሃው ምስል እጅ የተዘረጋ ባለቀለም ክር ያስይዙታል። ሲሞት ይቀብሩታል። ቀብሩ የሥራው መጀመሪያ አይደለም።

ድግምቱ ድንጋዩን ያንሳፍፋል ወይ የሚለውን ክርክር ለእነሱ እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ የማስታመም ተራው ነው። የታመመ ሰው ጋ ገብተን የምንዋሸው ክፉ ሆነን አይደለም። የምንለው ስለሚጠፋን ነው። ጸሎት ይህን ይፈታል። ምን እንደሚል የማያውቅ ሰው የሚለው ነገር ያገኛል፤ አልጋው አጠገብ ለመቆየትም ምክንያት ይሆነዋል። ብዙ የንጹሕ ምድር ተከታይ የሆኑ የቻይና ቤተሰቦች ሰው ሲሞት ለ8 ሰዓት ያህል ሬሳውን ሳይነኩ፣ ሳይጮኹ፣ የአሚታባን ስም እየጠሩ ይቀመጣሉ። የሟቹ ልብ እንዳይረበሽ ነው ይላሉ። እኛ ጋ ይህን ልጠይቅ ብል ደረት መቺዎቹ እኔኑ ቀድመው ይቀብሩኛል፤ ስለዚህ አልጠይቅም። ለቅሷችንም ቢሆን የራሱ ጥቅም አለው።

ደግሞ ለሞት መዘጋጀት የሚጀምረው አልጋ ላይ ሆኖ እንዳልሆነ ቡድሂስቶቹ ይናገራሉ። ቡድሃ ወንድ ሴት፣ መነኩሴ ሕዝባዊ ሳይል ሁሉም ሰው ዘወትር እንዲያስባቸው ያዘዛቸው 5 ነገሮች አሉ። ማርጀቴ አይቀርም። መታመሜ አይቀርም። መሞቴ አይቀርም። ከምወደው ሁሉ መለየቴ አይቀርም። የራሴ የምለው ሥራዬን ነው፤ መልካምም ክፉም ብሠራ ወራሹ እኔው ነኝ። ካርማና ሞት የሚገናኙት እዚህ አምስተኛው ላይ ነው። ሌላው ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለ ጎረቤት ሥራ የሚያወራ ስድስተኛ የለውም።

ማሃናማ የሚባል የቡድሃ ዘመድ የሆነ ሰው ደግሞ የእኛን ሰፈር ጥያቄ ነው የጠየቀው። ከአንተ ጋር ስሆን ልቤ ይሰበሰባል ይለዋል። ማታ ወደ ከተማ ስገባ ግን መንገዱ ትርምስ ነው፤ ዝሆኑ፣ ፈረሱ፣ ሠረገላው ያዋክበኛል፣ ልቤ ይበተናል። እዚያው ላይ ብሞት ምን እሆናለሁ? ማታ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሲኖትራክና በባጃጅ መሃል የተጋፋ ሰው ይህ ጭንቀት ይገባዋል። ቡድሃ አትፍራ ይለዋል። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ዛፍ ሲቆረጥ ወዴት ይወድቃል? ወዳዘነበለበት ነዋ! ለብዙ ዘመን ልብህን ለመልካም ነገር ካስለመድከው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ብትዋከብ አያጠፋህም ነው መልሱ።

እድር ስብሰባ ላይ ይህን ባነሳ የሚመጣብኝን አውቃለሁ። "ሟርት ነው" የሚሉኝ አሉ። በሽተኛ ስለ ሞት ማናገር ሞትን መጥራት ነው ይባላል። ታዲያ ድንኳን ገዝቶ መጋዘን ማስቀመጥስ ምንድን ነው? "ካህንና ሼኽ እያሉን ከቡድሃ ምን እንማራለን" የሚሉም ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም አለን። ለበሽተኛ ምሥጢረ ቀንዲል አለን። ሙስሊሙ ያሲን ይቀራል፤ ሊሞት የተቃረበውን "ላ ኢላሃ ኢለላህ" በል ብሎ በለሆሳስ የሚያስታውስ ሥርዓት አለው። ጴንጤዎቹ ተሰብስበው ይዘምሩለታል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ንስሐ አባት የሚጠራው ብዙ ጊዜ የበሽተኛው አፍ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቀድሞ መጥራት "ልትሞት ነው" ብሎ እንደ መንገር ስለሚቆጠር ቤተሰቡ ይፈራል። እናም ይቅር በለኝ የሚለው፣ አደራ የሚለው፣ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ የሚናገረው ሰው ሳይናገር ይሄዳል። ከዚያ እኛ አርባውን አሳምረን እናወጣለን። ቲቤቶች 49 ቀን ይቆጥራሉ፣ እኛ 40፤ ቀኑን በመቁጠር ከማንም አናንስም።

ጸሎት ብቻ በቂ ነው እያልኩም አይደለም። ሕመሙ የሚያስጮኸው ሰው መጀመሪያ ማስታገሻ ይፈልጋል። የማይድን በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄደው የሚረዱ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ከእድራችን አባላት ስንቱ ይህን ሰምቷል? ስለ ድንኳን ኪራይ ዋጋ ግን ሁላችንም ሊቃውንት ነን።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ። ሐኪም ተስፋ የቆረጠለት አባል ሲኖር እድሩ የአዳሪ ተራ ያውጣ። ሁለት ሁለት ሆነን። ቤተሰቡ ይተኛ። ተራ ገቢው በሽተኛው የሚወደውን ያንብብለት፤ ዳዊትም ይሁን ቁርኣን፣ ጋዜጣም ቢሆን። በሽተኛው ከጠየቀ አይዋሽ፤ ካልጠየቀ አይለፍልፍ። ንስሐ አባትም ሼኹም ፓስተሩም ምላስ ሳይተሳሰር ይጠሩ። ከቀብር ማስፈጸሚያው ላይ ትንሽ ተቀንሶ ለማስታገሻና ለታክሲ ይመደብ። ገንዘብ ያዡ "ደንባችን አይፈቅድም" እንደሚሉ ከወዲሁ ይታየኛል። ደንቡን እኛው ነን የጻፍነው፤ የቀሪ ቅጣቱን ለመጨመር ስንፈልግ በአንድ ስብሰባ አሻሽለነዋል። የተራው ወረቀት ሲዞር የእኔን ስም መጀመሪያ ጻፉት። ቅዳሜ ብቻ አልችልም።