ማስተካከያ፦ ስለ ዓላታ ድልድይ ጥቁር ድንጋዮች

ጢስ ዓባይ አጠገብ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የዓላታ ድልድይ ድንጋዮች መጥቆራቸው ለዘመናት የዘለቀ የአየር ብክለት ማስረጃ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት ተጋርቷል። መረጃው ስሕተት ነው።

በድንጋይ መሸርሸር ላይ የታተሙ ሳይንሳዊ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የብክለት ጥቁር ቅርፊት የሚፈጠረው ከከሰልና ከነዳጅ ጢስ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በእርጥበት አማካይነት የኖራ ድንጋይና የእብነ በረድ ዋና ይዘት ከሆነው ካልሲየም ካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ ጂፕሰም የተባለ ማዕድን ሲሆንና ጥላሸት ሲይዝ ነው፤ ስለዚህም በዋናነት የሚታየው በኖራ ድንጋይና በእብነ በረድ ላይ፣ ያውም ዝናብ በማያጥበው ገጽ ነው። የጢስ ዓባይ አካባቢ ድንጋይ ግን ባዛልት የተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ባዛልት ደግሞ ከተፈጥሮው ጠቆር ያለ ሲሆን፣ እንዲህ ባለ እርጥብ ስፍራ የድንጋይ ሽበትና ረቂቅ ተሕዋስያን ይበልጥ ያጠቁሩታል።

ከድንጋይ ላይ የብክለትን ታሪክ የማንበብ ዘዴው ራሱ ግን ፈጠራ አይደለም። በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በ18ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋዩ ውስጥ የገቡት፣ እርሳስ ከተባለው ብረት የተሠሩ ውታፎች፣ ዙሪያቸው ያለው የኖራ ድንጋይ ሲበላ ከፍ ብለው ስለቀሩ፣ ተመራማሪዎች ልዩነቱን ለክተው የመሸርሸሩን ፍጥነት አስልተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 በኋላ በከተማዋ አየር ውስጥ ያለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ ፍጥነቱም ቀንሷል። ዘመኑ የታወቀ እንዲህ ያለ መነሻ ከሌለ፣ ቀለምን ብቻ አይቶ የብክለት ታሪክ መጻፍ አይቻልም።

ከጽሑፉ ሥር ድልድዩ በአሲድ ይታጠብ የሚሉ አስተያየቶች ስለተሰጡ ይህን መግለጽ ያስፈልጋል፦ አሲድ ድንጋዮቹን ያያያዘውን ኖራ ያሟሟል።