ዕድሜ ለስልጠና

እንደ አዳማ ለስልጠና የተፈጠረ ከተማ የለም። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ከሄዱ የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ ይደርሳሉ። አበል ለማስገኘት አይቀርብ፣ ቅዳሜን ቤት ለመዋል አይርቅ። ስለዚህ አገሪቱ ማሰብ ሲያምራት አዳማ ትወርዳለች።

ሰሞኑን የታሰበው ስለ ኬጂና ኦ ክላስ ልጆች ነው። ባነሩ ላይ በትልቁ «ሂሳብን በጨዋታ ማስተማር» ይላል። እኔም አንዷን ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኙ «ልጆች የሚማሩት በእጃቸው እየነኩ ነው» የሚለውን ስላይድ አነበበልን። እጃችንን አጣጥፈን አዳመጥን። ቀጥሎ «ሕፃናትን ለረጅም ሰዓት አስቀምጦ ማስተማር አይመከርም» የሚለው መጣ። ይሄኛው እስከ ምሳ አላለቀም።

በሻይ ሰዓት አንዲት መምህርት ከፌስታል ቆርኪ አውጥታ አምስቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። እንደነገረችን፣ አንዱ ተማሪዋ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያለ እስከ መቶ ይወርደዋል፤ እናቱም ጎረቤት ጠርታ ታስቆጥረዋለች። «አምስት ስጠኝ» ሲባል ግን ያገኘውን አፍሶ ይሰጣል። ቆርኪዎቹን ራቅ ራቅ አድርጋ ስትደረድራቸው ደግሞ «በዙ» ይላል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ፒያዤ ስሙን ያስጠራበት ነገር ከነቆርኪው ከማኪያቶው ጎን ተዘርግቷል። ወዲያው አንዱ አስተባባሪ መጣ። «መምህርት፣ ይቅርታ፣ ይቺን ቆሻሻ ያንሱልን፤ ፎቶ ልንነሳ ነው» አለ። ተነሳ። ፎቶውም ያምራል።

ከሰዓት በኋላ የቀረበው «ተግዳሮት» የመማሪያ ቁሳቁስ እጥረት ነበር። ገበጣ፣ ቅልልቦሽና ሰኞ ማክሰኞ ባለበት አገር ጠጠር እስኪገዛ መጠበቅ ትልቅ ትዕግስት ነው።

ጌልማንና ጋሊስቴል የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1978 (እ.ኤ.አ.) መቁጠር አምስት መርሆች አሉት ብለው ጽፈው ነበር። አዳማን ስላላዩ ነው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ ይላል። የእኛ የፊርማ ወረቀት ይህን አሻሽሎታል፤ አንድ ሰው ለራሱም፣ ዘመድ ሊጠይቅ ለወጣው ባልደረባውም ይፈርማል። ሲቆጠር የመጨረሻው ቁጥር የሁሉንም ብዛት ይናገራል የሚለው ላይ ግን ቅንጣት አልተዛነፍንም። የፊርማው መጨረሻ ተራ ቁጥር ተነስቶ «የሰለጠኑ መምህራን ብዛት» ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ከየትም ቢጀመር ብዛቱ አይለወጥም የሚለውንም ስላይዶቹ መስክረዋል። በስህተት ከኋላ ወደ ፊት ሲሄዱ ቆይተው ማንም ልብ አላለም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የራሳችንን የሂሳብ ችሎታ ነው። የመጡበት ቀን ይታሰባል? የሚመለሱበትስ? ምሳው ከተቀነሰ ስንት ይቀራል? ከአዲስ አበባ የመጡትስ ከእኛ በስንት ይበልጣሉ? መደመር፣ መቀነስ፣ ማወዳደር፣ ሁሉም ያለ ካልኩሌተር፣ በሹክሹክታ፣ በሽርፍራፊ ሳንቲም ሳይቀር ተሠራ። አሰልጣኙ «ሂሳብን ከልጆቹ ሕይወት ጋር አያይዙት» ሲል እኛ አያይዘን ጨርሰናል።

እርግጥ አንዳንድ ሰው አጉል ጥያቄ አያጣም። አንዲት ወጣት መምህርት እጇን አውጥታ «ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ቡድን እንዴት ይሠራል?» አለች። «በጣም ጥሩ ጥያቄ» ተባለች። መልሱ ይኸው ነበር። ቀጥሎ ሰርተፍኬት ታደለ።

በመጨረሻ ምክረ ሐሳብ ተነበበ፦ ርዕሱ ጥልቅ ስለሆነ ጊዜው አንሷል፤ ሁለተኛው ዙር ሀዋሳ ይሁን። በጭብጨባ አለፈ። ከዚያ ይልቅ አሰልጣኙ ክፍል ድረስ ሄዶ መምህሯ ስታስተምር ቢያያት የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። አበል ስለሌለው ደጋፊ አጣ።