የቤተሰብ ስም ሚዛን እስከሆነ ድረስ እውነተኛ ብዝኃነት አይኖርም

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የሃርቫርድንና የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን የቅበላ አሠራር መርምሮ በሰጠው ውሳኔ፣ ኮሌጆች የአመልካችን ዘር መመዘኛ እንዳያደርጉ ከለከለ። ከውሳኔው በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ቅበላ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አዲስ ከገቡት ተማሪዎች ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ቀድሞ ከነበረበት 13 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ አሽቆለቆለ። የውሳኔው ደጋፊዎች ከእንግዲህ ሁሉም በችሎታው ብቻ ይመዘናል ይላሉ። ሚዛኑ በእርግጥ ችሎታን ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ግን፣ በርካታ ስመ ጥር የግል ኮሌጆች ወላጆቻቸው እዚያው ለተማሩ ወይም ዳጎስ ያለ ገንዘብ ለለገሱ ልጆች ቅድሚያ መስጠታቸውን ባልቀጠሉ ነበር።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2023 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በገቢ ከላይኛው 1 በመቶ ከሆነ ቤተሰብ የመጣ ልጅ የመግቢያ ፈተና ውጤቱ ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ በ12ቱ እጅግ ተፈላጊ ኮሌጆች ገብቶ የመማር ዕድሉ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይተዋል። የአመልካቹን ዘር እንዳያይ የታዘዘ ኮሌጅ የአባቱን ዲፕሎማ ማየት የሚፈቀድለት በምን አግባብ ነው? ጆንስ ሆፕኪንስ ይህን ቅድሚያ ካስቀረ ቆይቷል፤ ካሊፎርኒያም በ2024 ባወጣችው ሕግ በግል ኮሌጆች ጭምር ከልክላዋለች። ሌሎቹም ሊከተሉ ይገባል።

ይሁንና ይህ ብቻውን አይበቃም። የማሳቹሴትሱ ተቋም የቀድሞ ተማሪዎቹን ልጆች አያስቀድምም፤ የጥቁር ተማሪዎቹ ድርሻ ግን ወርዷል። ስለዚህ ኮሌጆች ተማሪ የሚፈልጉበትን ቦታም ማስፋት አለባቸው። ቴክሳስ በ1997 ባወጣችው ሕግ ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍላቸው የላይኛውን 10 በመቶ ለያዙ ተማሪዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ቦታ ማረጋገጧ፣ ከዚያ በፊት መልማይ ዝር ብሎባቸው ለማያውቁ ትምህርት ቤቶች በር ከፍቷል።

በዘር ፈንታ የቤተሰብን ገቢ ማየት ብቻ ይበቃል የሚሉም አሉ። ገቢ መታየቱ ተገቢ ነው፤ የሥራ ቅጥር ግን የዚህን አቋም ጉድለት ያጋልጣል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ማሪያን በርትራንድና ሴንድሂል ሙላይናታን በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ተመጣጣኝ የትምህርትና የሥራ ልምድ የሠፈረባቸውን ሲቪዎች በስም ብቻ ለይተው በቦስተንና በቺካጎ ለሚገኙ ቀጣሪዎች ላኩ። እንደ ኤሚሊ ወይም ግሬግ ያለ የነጭ ስም የያዘ አመልካች ወደ 10 ሲቪ ልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ እንደ ላኪሻ ወይም ጀማል ያለ የጥቁር አሜሪካዊ ስም የያዘው ለዚያው አንድ ጥሪ 15 ያህል መላክ ነበረበት። የወላጆቻቸው ገቢ በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ይህን አድልዎ በስብከት ማስቀረት አይቻልም፤ በአሠራር ግን መቀነስ ይቻላል። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ እያንዳንዱ ጠያቂም ከባልደረቦቹ ጋር ሳይወያይ በፊት ነጥቡን ጽፎ ያስቀምጥ። የትምህርት ማስረጃው ለሥራው የማያስፈልግ ከሆነ ከማስታወቂያው ይውጣ። ክፍያ የሌለው የሥራ ልምምድም ወላጅ የሚደጉመውን ወጣት ብቻ ስለሚያስገባ ይቅር። ድርጅቶች ስንት ሰው እንደቀጠሩ ብቻ ሳይሆን፣ ከተቀጠሩት መካከል እነማን የደረጃ ዕድገት እንዳገኙና እነማን ጥለው እንደሄዱ በየዓመቱ ለሠራተኞቻቸው ይፋ ያድርጉ።