ሞኝና ቀለህ

ባለፈው ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃው ቦታ አንዲት ልጅ ጥያቄ ጠየቀች። አንድ ጥያቄ። "ለመዝናኛ ኢላማ የምመታበት፣ ካስፈለገም ቤቴን የምጠብቅበት ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ የትኛው ጥይት ይሻለኛል?" አለች። በቃ፣ ይኼው ነው። አምስት ሰው ተንጋግቶ መለሰላት። አራቱ የነገሯት እያንዳንዳቸው ቤታቸው ያለውን ነው።

ክላሽ ያለው ሰውዬ "7.62 በ39 ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1943 ተሠርቶ እስከ ዛሬ ማን ነካው?" አለ። የአረሩን ውፍረትና የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር መጥራቱ ነው። ባለ 5.56ቱ ሳቀበት። የእሱ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ትከሻ አይደበድብም። ባለ .308ቱ (ይኼኛው በኢንች ነው) ደግሞ ስለ 3,500 ጁል ጉልበት እና ስለ 800 ሜትር ርቀት ማውራት ጀመረ፤ የልጅቷ ኮሪደር 800 ሜትር ይመስል። አራተኛው "ሁላችሁም ቀርታችኋል፣ አሁን ዘመኑ የ.300 ብላክአውት ነው" አለ። አምስተኛው፣ እኔን በጣም ያናደደኝ እሱ ነው፣ ጢሙን እየነካካ "እንደ ዓላማሽ ይወሰናል" ብሎ ዝም። ዓላማዋን እኮ ነገረችህ ሰውዬ! ሁለቱንም!

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ተረት አለ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይላል። ተረቱን እወደዋለሁ፣ ግን ሁሌም ወረቀት ያሳዝነኛል። ወረቀት የያዘውን አለመልቀቁ ሥራው ነው። የተፈጠረው ለዚህ ነው። ከሞኝ ጎን የተሰለፈው በምን ጥፋቱ ነው? ለነዚህ ጓደኞቼ ስል ተረቱን ላሻሽለው አሰብኩና "ሞኝና ቀለህ" ብዬ ሞከርኩት። አልሆነም። ጠመንጃ እንኳ አንዴ ከተኮሰ በኋላ የያዘውን ቀለህ ይተፋዋል። የማይተፋው ሰውዬው ነው። ጠመንጃውን የገዛ ቀን የተናገራትን ነገር እስከ ዛሬ እንደጎረሳት አለ።

ክርክሩ ደግሞ በቁጥር ሲሆን ነው የሚብሰው። ስለ አረር ክብደት "55 ግሬን ነው ወይስ 62?" ይባባላሉ። ግሬን ማለት እኮ ስሙን ከእህል ፍሬ የወሰደ የድሮ ሚዛን ነው። 7,000 ግሬን ነው አንድ ፓውንድ የሚሞላው። 55 ግሬን በኛ ሂሳብ 3.6 ግራም ቢሆን ነው። እንግዲህ በሰባት ፍሬ ገብስ ምክንያት ሁለት ጎልማሶች ተኮራርፈው ለየብቻ ሲቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጥሩ ራሱ የሚታመን ቢሆን አንድ ነገር ነበር። .38 ስፔሻል የሚባለው ጥይት አረሩ ሲለካ .357 ኢንች ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት ሳይሆን ማን እንዳላረመው ነው የሚገርመኝ።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር የቆየ ቂሜን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ስገዛ በርሜሉ ላይ ".223 ሬሚንግተን" የሚል ተቀርጾበታል። ሻጩ ግን 5.56 ናቶ የሚል ሳጥን አቀበለኝ። "ቁጥሩ ይለያያል እኮ" አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ "ያው ነው" አለኝ።

ያው አይደለም! ከውጪ ሲታዩ መንትያ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ይጎርሳል። ነገር ግን የባለ 5.56ቱ ጉሮሮ፣ ማለትም አረሩ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን ጥምዝምዝ ከመንከሱ በፊት የሚያልፍባት ቦታ፣ ረዘም ትላለች። 5.56ን ጉሮሮው ባጠረ .223 ውስጥ ስትተኩሰው ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊወጣ ይችላል። የተገላቢጦሹ ችግር የለውም። ይህን ለመናገር ሻጩ ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር። እኔን ያተረፉኝ አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሳጥኑን አዩ፣ ጠመንጃዬን አዩ፣ "ልጄ፣ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አሉኝ። አነበብኩ። "እሺ፣ አሁን ሳጥኑን" አሉኝ። አነበብኩ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔም ሳጥኑን ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ "ያው ነው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። መካኒኩ የሌላ መኪና ዕቃ ይዞ "ያው ነው" ይላል። ሰፊው ሰማያዊ ክር አጥቶ በጥቁር ይሰፋና "ከሩቅ ያው ነው" ይላል። ከሩቅማ ሁሉም ነገር ያው ነው! ከሩቅ እኔም ወጣት ነኝ። መድኃኒት ቤት ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘው የለም፣ "ይኼም ያው ነው።" ያው ከሆነ ሐኪሙ ለምን ሌላ ስም ጻፈ?

ደግሞ አንዳንዴ "ያው ነው" እውነት ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ያ ዘመናዊው ሰውዬ ያሞገሰው .300 ብላክአውት ከ5.56 ቀለህ አጥሮ የተሠራ ነው። የጥይት ካርታው፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበት ሳጥን፣ ያው፣ መቀርቀሪያውም ያው። አረሩ ግን 7.8 ሚሊ ሜትር ነው። የ5.56 በርሜል ደግሞ 5.7 የሚሆን አረር ነው የሚያሳልፈው። ሁለቱን ጠመንጃዎች አንድ ቤት አስቀምጠህ ካርታዎቹ ከተቀላቀሉብህና የተሳሳተው ጥይት ከጎረሰ፣ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ሊበታተን ይችላል። ሆኗልም። ይህን ለልጅቷ ነገራት? አልነገራትም። ጥቁር ቀለም ያምራል አላት።

አሁን ወደ ቤት መጠበቂያው ልምጣ፣ እዚህ ጋ ቀልዴ ያልቃል። አምስቱም ስለ ሌባው ሲያወሩ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ያስመስሉታል። መሀል ኮሪደር ቆሞ፣ መብራት በርቶ፣ ደረቱን ሰጥቶ። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው ያላት የለም። ግድግዳሽ ከምንድን ነው የተሠራው ያላት የለም። ማንኛውም የጠመንጃ ጥይት ቀጭን የውስጥ ግድግዳ ያልፋል፣ ይኼ ክርክር የለውም። ቀላልና ፈጣን የሆነው ቶሎ ይገለባበጣል፣ ይሰባበራል፣ ጉልበቱም ቶሎ ይቀንሳል። ከበድ ያለው ድፍን አረር ደግሞ ቀጥ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። "ይቀንሳል" ማለት ግን "ይቆማል" ማለት አይደለም። ከግድግዳው ማዶ ልጅ ተኝቶ ከሆነስ? ስለ ጁል አንድ ሰዓት አውርቶ ስለ ልጅ አልጋ አንድ ቃል የማይተነፍስ ሰው አፉን ቢይዝ ይሻለዋል።

ጆሮስ? የነዚህ ሰዎች ጠመንጃ ተኩስ ከ150 ዴሲቤል ይዘላል። 140 ላይ እኮ ነው ጆሮ በአንድ ጊዜ ሊጎዳ የሚችለው። በተዘጋ ክፍል፣ ጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ፣ ሌሊት፣ ከእንቅልፍ ተነስተው! ባለ .308ቱ ወዳጄ ይህን ሁሉ አላነሳም። እሱማ ጠመንጃውን የቆለፈበትን የካዝና ቁልፍ ካጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ውሻው ቢያንስ አልተቆለፈበትም።

ልጅቷስ? አዎ፣ ልጅቷ። አምስቱ እርስ በርስ ሲጨቃጨቁ ወደ እኔ ዞራ "እርስዎስ ጋሼ፣ ምን ይሉኛል?" አለችኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። በ.22 ሎንግ ራይፍል ጀምሪ አልኳት። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ትከሻ አይነካም፣ አብዛኛው 200 ጁል እንኳ አይሞላም፣ እጅሽ ተኩስ ሳይፈራ ይለምዳል። ቢሆንም አትናቂው፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ከኢላማው ኋላ ምን እንዳለ ሳታውቂ እንዳትተኩሽ። ጥሩ ምክር ነበር። ራሴን ወድጄው ነበር።

"እርስዎ የያዙት ምንድን ነው?" አለችኝ።

"...ሃያ ሁለት።"

ሳቀች። "እሺ፣ ለቤቱስ?" አለች። በመጀመሪያ በርሽን፣ ቀጥሎ ግድግዳሽን ንገሪኝ ልላት አፌን ስከፍት ተራዬ ደርሶ ተጠራሁ። ተኩሼ ስመለስ ባለ ጢሙ ይዟታል።