ጥርስ ከመሞረድ በፊት

የአክስቴ ልጅ ሰርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ቲክቶክ ላይ አንዲት ልጅ ቱርክ ሄዳ ጥርሷን አሠርታ ትስቃለች። ሐጫ በረዶ ነው፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም አንድ ቀለም። "እኔም እንዲህ ነው የምፈልገው" አለችኝ። ዋጋ ሁሉ ጠይቃ ጨርሳለች። እዚሁ ድሬዳዋ አንድ ክሊኒክ አፏን በቅጡ እንኳን ሳያይ "ከላይ ስድስቱን ሞርደን ቬኒር እንለጥፋለን፤ ፍንጭትሽም ይደፈናል" ብሏታል። ቬኒር ማለት ጥርሱ ላይ ከፊት በኩል የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው።

"ሞርደን" የምትለዋ ቃል አስደነገጠችኝ። ልጅቷ 25 ዓመቷ ነው። አንድም የተበላ ጥርስ የላትም።

የጥርሳችን ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ካለው ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል። ኢናሜል ግን አንዴ ከተሞረደ ተመልሶ አይበቅልም። ለፖርሴሊን ቬኒር አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሞረዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የፊት ጥርስ ኢናሜል ግን ራሱ ቬኒሩ በሚለጠፍበት በፊት ለፊቱ በኩል ወፍራም በሚባለው ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቬኒሩ ደግሞ ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። በ25 ዓመቷ ያሠራች ልጅ በ40 ዓመቷ እንደገና ታሠራለች፤ ከዚያም እንደገና። ቪዲዮዎቹ ላይ ከምናያቸው ብዙዎቹ ቬኒር እንኳን አይደሉም፤ ክራውን ናቸው፤ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆብ ማለት ነው። ለክራውን ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረድና የሚቀረው ጉቶ ነው።

ቬኒር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጥርሱ ለተሰበረበት ወይም ቀለሙ በሌላ መንገድ እንቢ ላለ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የምለው መጨረሻ ላይ ይምጣ ነው። ጤነኛ ጥርስ ላይ ከሞረድ የሚጀምር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ።

ልጅቷን ይዤ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ዶክተሯ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ማጠብ ነው። ጥርስ ማሳጠብ ማለቴ ነው፤ ድንጋዩን፣ ማለትም ጥርስ ላይ ደርቆ የተጋገረውን ቆሻሻ ማስነሳት። መሣሪያው እየጮኸ ውሃ ይረጫል። ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ጠቆር ያለ ስባሪ እየተፈረካከሰ ወጣ። ልጅቷ ምላሷን አስጠግታ ዳሰሰችውና "ቀዳዳ ሆነ እንዴ?" አለች። ቀዳዳ አይደለም፤ ድንጋዩ ሞልቶት የነበረው የጥርሶቿ መሃል ነው። ብዙ ሰው "እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል" የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ድድ የሚያሸሸውና ጥርስ የሚያነቃንቀው ግን ሳይነሳ የቆየው ድንጋይ ነው።

እኛ አገር ደግሞ በርጫ አለ። ከሰዓት ጫት፣ ከላዩ ለስላሳ፣ ሻይ በስኳር፣ ለአንዳንዱም ሲጋራ። ጥርስ እንዴት አይበልዝ! ይሄኛው ብልዘት ግን አብዛኛው ከላይ የተለጠፈ ነው። በእጥበትና በፖሊሽ ብቻ ሲለቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ነጭ ዱቄትና ከሰል ገዝቶ የሚፈትግ፣ በሎሚና በጨው የሚያሽ ሰው ግን ጥርሱን እየጨረሰ ነው። የሎሚው አሲድ ኢናሜሉን ያሟሟል፣ ፍትጊያው ይጠርገዋል። ከታች ያለው የጥርስ አካል ደግሞ በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ስለዚህ በፈተገ ቁጥር ይብስ ይወይባል። ከዚያስ በወጉ የተያዘ መፋቂያ በስንት ጣሙ!

ከውስጥ የመጣ ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ ስንት ቤተሰብ በሐዲዱ መስመር ተመድቦ ኖሯል። በዚሁ መስመር ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለችው መተሃራ ያደጉ ልጆችን ጥርስ አስታውሱ። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይብለጥ ይላል፤ የዚያን ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ጥርሱ ገና ድዱ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይህን ከጠጣ ቡናማው ከኢናሜሉ ጋር አብሮ ይሠራል። ይሄ የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም። በልጅነታቸው "ጥርስህን አትፍቅም?" እየተባሉ ያፈሩ፣ ዛሬም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል። ለእነሱ እጥበት ብቻ አይበቃም። ላዩን በስሱ ማሻሸት፣ ከዚያ ማንጣት፣ ከባድ ከሆነ በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) ወይም በቬኒር መሸፈን አለ።

ማንጣቱ ፐርኦክሳይድ በሚባል ኬሚካል ነው። በልካችሁ በተሠራ ስስ ፕላስቲክ ጄሉን አድርጎ ማታ ማታ ለሁለት ሳምንት ያህል መተኛት አንዱ መንገድ ነው። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ሲነካው ይጠዘጥዛል፣ ከዚያ ይተዋል። ለነፍሰ ጡርና ለልጆች አይሆንም። ሙሌትና ክራውን ደግሞ አይነጣም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማንጣት፣ ቀጥሎ በአዲሱ ቀለም መሙላት ነው። የተጣመመ ጥርስ ያለው ሰው ሽቦ ያስብ። ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ግን ጥርሱ የራሱ ሆኖ ይቀራል።

ፍንጭቷን በተመለከተ ዶክተሯ ራሷ ጠየቀቻት። "አንቺን ያስጠላሻል? ወይስ ስልኩ ላይ ስላላየሽው ነው?" ልጅቷ ዝም አለች። አያታችን ፍንጭት ነበሩ፤ በፍንጭታቸው ስንቴ ተዘፍኖላቸዋል። ፍንጭቱ ቀረ። ጫፏ የተሸረፈች አንዲት ጥርስ ብቻ ሳትሞረድ በኮምፖዚት ተሞላች። ከመሙላቷ በፊት የመሙያውን ቀለም ከጥርሷ ጋር ለማመሳሰል ዶክተሯ ሦስት ጊዜ መስኮቱ ጋ ወስዳ በፀሐይ ብርሃን አየቻት።

ልንወጣ ስንል ልጅቷ መጀመሪያውኑ መጠየቅ የነበረባትን ጠየቀች። "ቢሰበርስ?"

"ይሄንን እዚሁ አንድ ከሰዓት በኋላ እጠግንልሻለሁ" አለቻት። "ቬኒር ቢሆን ኖሮ እንደገና ላቦራቶሪ ሄዶ ነበር የሚሠራው። እስኪመጣ የተሞረደውን ይዘሽ ትጠብቂያለሽ።"